የቄሱ ቤትና አጭሩ ክንዴ

እኔ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት የማልችል ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ ላይ ስልሳ ሰው ፊት ቆምኩ ስል ውሸታም እንዳልባል ነው። ልደታ ስደርስ ሌላ ሰው እስኪወርድ እጠብቃለሁ። ሰው ከወረደ ተከትዬው እወርዳለሁ። ካልወረደ ታክሲው እስከወሰደኝ ድረስ ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ። በዚህ ምክንያት የከተማዋን የእግረኛ መንገድ ከብዙ ሰው በተሻለ አውቀዋለሁ።

ሌላው ችግሬ እጄ ነው። ቁመቴ አጭር ነው፤ እጄ ደግሞ ለቁመቴም ያጥራል። የገዛሁት ሸሚዝ ሁሉ እጅጌው ይረዝመኛል። ጌጃ ሰፈር ያለው ልብስ ሰፊዬ ገና ከበር ሲያየኝ መቀሱን ያነሳል። «ምነው እህቴ፣ ይኼ እጅ ዘንድሮም አላድግ አለ?» ይለኛል። ወረፋ የያዙት ይስቃሉ። እኔም እጄን እዚያው ረጅሙ እጅጌ ውስጥ እደብቀዋለሁ።

እንግዲህ ይህች አፏን የማትከፍትና እጇን የምትደብቅ ልጅ አርክቴክቸር ተማረች። ተመርቄ ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለ አንድ አነስተኛ የዲዛይን ቢሮ ተቀጠርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራሁት የሽንት ቤትና የደረጃ መደገፊያ ንድፍ ነው። የሕንፃው ፊት የአለቃዬ፣ ሽንት ቤቱ የእኔ። ቅሬታ የለኝም። ሽንት ቤት የነደፈ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ እንዲያብራራ አይጠየቅም።

የተጠየቅሁት በእናቴ አገር ምክንያት ነው። እናቴ የተወለደችው ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ብርዱ አጥንት የሚገባ ደጋ ላይ ነው። እዚያ ከአንዲት ትንሽ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የካህኑ መኖሪያ ቤት አለ። ክብ ነው፤ ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር። የሠራው ቅድመ አያቴ ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ ነው፤ ድንጋዩን በገዛ እጁ ነው የደረደረው። ከእሱ በኋላ ደብሩን ያገለገለ ካህን ሁሉ በተራ ኖሮበታል። አሁን የሚኖሩበት ቄሰ ገበዙ አባ ይትባረክ ናቸው።

አባ ይትባረክ ቤቱን አይወዱትም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ግንባራቸውን ማየት ይበቃል። እሳቸው ረጅም ናቸው፣ በሩ አጭር ነው። ጥምጥም ሲያደርጉ ደህና ነው፤ ምቱን ጥምጥሙ ይችለዋል። ችግሩ ማለዳ ባዶ ራሳቸውን ከብት ሊያወጡ ሲሉ ነው። በመጨረሻ ታገሱ ታገሱና፣ አዲስ አበባ ላለነው የአካባቢው ተወላጆች ማኅበር ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ላኩ። ቤቱ ፈርሶ፣ ድንጋዩ ለመሠረት ውሎ፣ በላዩ ቆርቆሮ ክዳን ያለው የብሎኬት ቤት እንዲሠራላቸው ይጠይቃል።

ደብዳቤው ሲነበብ እናቴ ስብሰባው ላይ ነበረች። ተነስታ፣ «ልጄ የተማረች አርክቴክት ናት። እሷ አይታ ሳትናገር አንድ ድንጋይ አይነሳም» አለች። ሰብሳቢው ጋሽ ደምሴ ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ጡረታው ግን ገና አንደበታቸው ላይ አልደረሰም። «መልካም። ልጅቷ ማስረጃዋን ይዛ በሚቀጥለው ቀጠሮ ትቅረብ» ብለው አሰናበቱ።

«እማዬ፣ እኔ ሰው ፊት መናገር እንደማልችል እያወቅሽ?»

«ማን ተናገሪ አለሽ? ታስረጃለሽ እንጂ።»

«ማስረዳት ምን ሆነና ነው መናገር ያልሆነው?»

«አያትሽ የተወለደበት ቤት ነው» አለች እናቴ፣ ሽንኩርቷን መክተፍ ሳታቆም። ክርክሩ በዚህ ተዘጋ።

ሄድኩ። ከመግባቴ ግንባሬን በሩ መታኝ። በሕይወቴ በቁመት የበለጥኩት በር ይህ የመጀመሪያው ነው፤ አመመኝ ብዬ ልዋሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ። ሁለት ቀን በሜትር ስለካ ዋልኩ። የግድግዳው ውፍረት ሰማንያ አራት ሳንቲ ሜትር፤ በመስኮቱ እጄን እስከ ትከሻዬ ባስገባው ጣቶቼ ማዶ አልደረሱም። የውስጡ ስፋት አምስት ሜትር ከአራት ሳንቲ ሜትር። ከምሰሶው እስከ ቄሱ መደብ አንድ ሜትር ከሃያ ስድስት። በሩ አንድ ሜትር ከአርባ። አንድም ደህና ቁጥር የለም። በዚያ ላይ ግድግዳው በስተግራ በኩል ወደ ውጭ ተነፍቷል፣ መስኮቱም ከመደቡ በላይ ጉልበት ላይ የምትደርስ ትንሽ ቀዳዳ ናት።

እኔ ደግሞ ጠንቃቃ ነኝ። የተጣመመ ነገር ሳይ አላልፍም። አዲስ አበባ ተመልሼ ኮምፒውተሬ ላይ ተቀመጥኩና ቤቱን አቃናሁት። ክቡን በኮምፓስ እንደተሠራ ክብ አደረግሁት። የተነፋውን ግድግዳ መለስኩት። መስኮቱን ከወለል ዘጠና ሳንቲ ሜትር ላይ ሰቀልኩት። በሩንም እንደ ደንቡ ሁለት ሜትር ከአሥር አደረስኩት። ሟቹን ቅድመ አያቴን እንደ አንደኛ ዓመት ተማሪ አረምኩት።

ፕላኑ ሲደርሳቸው ጋሽ ደምሴ ደወሉ። «ልጄ፣ ይኼ ለእኛ እንደ ሐኪም ጽሑፍ ነው። የሚዳሰስ ነገር አምጪ።» ስለዚህ ሞዴል ሠራሁ። አንዱን ሜትር በአሥር ሳንቲ ሜትር፣ በነጭ ካርቶን፣ ጥንቅቅ አድርጌ። የልደታ ኮንዶሚኒየማችንን የምግብ ጠረጴዛ ግማሽ ያዘ። እኔና እናቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምሳችንን ቆመን በላን።

ስብሰባው እሑድ ሊሆን ሐሙስ አባ ይትባረክ ለጉዳያቸው መጡ። ያረፉት የት ይመስላችኋል? የአገር ሰው፣ በዚያ ላይ ካህን፣ ሌላ የት ያርፋል፤ እኛ ቤት ነው። ከሳሽ ተከሳሹ ቤት መኝታ ተነጠፈለት። በራችንን ጎንበስ ብለው ገቡ። በራችን ሁለት ሜትር ከአሥር ነው፤ ግን ልማድ ሆኖባቸዋል። መስቀል አሳለሙን፣ ተቀመጡ፣ ከዚያ ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ተነስተው ሁለቴ ዞሩት።

«ይኼ የማን ቤት ነው?» አሉ።

«የእርስዎ ነው፣ አባ።»

«የእኔ? እኔ እዚህ ቤት ገብቼ አላውቅም።»

በጣታቸው የግራውን ግድግዳ ነኩ። «ሆዱ የታለ? እዚህ ጋ ሆድ ነበረው።»

«ተጣሞ መስሎኝ… አቃናሁት።»

«አቃናሁት ትላለች» አሉ ወደ እናቴ ዞረው። «አበበች፣ ልጅሽ የመንገደኛውን መደብ አቃናችው። አሁን መንገደኛ የት ሊተኛ ነው?»

ለካስ ያ የተነፋው ግድግዳ አልተጣመመም። ቅድመ አያቴ ሆን ብሎ አንድ ክንድ ወደ ውጭ አውጥቶ፣ ከውስጥ ለመንገደኛ መኝታ አብጅቶበታል። ብርድ ያገኘው ሰው ባለቤቱን ሳያስቸግር ከበሩ ገብቶ እዚያው ጋደም ይላል። መስኮቷም ቆመው የሚያዩባት አይደለችም። ካህኑ ሲነጋ ከመኝታው ሳይነሳ አንገቱን ብቻ ቀና አድርጎ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ የሚያይባት ናት።

«አንቺ እዚህ ሰቅለሻት» አሉ አባ መስኮቴን እያዩ፣ «ማን ሊያይባት ነው? ዶሮ ቆጥ ላይ ወጥታ?»

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ግን አባ፣ ይፍረስ ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ይፍረስ አልኩ እንጂ ይዋሽበት አልኩ?»

ከዚያ በሩን አዩ። ሁለት ሜትር ከአሥሩን። «ይኼ እንኳን» አሉ ቀስ ብለው፣ «መጥፎ ሐሳብ አይደለም።»

ዓርብ ከቢሮ ፈቃድ ጠይቄ ቀረሁ። የካርቶኑ ቤት ፈርሶ እንደገና ተጀመረ፤ በዚህ ጊዜ በጭቃ። አባ ጭቃ በሌለበት ቤት የለም ብለው ቁርጣቸውን ተናገሩ። ጭድ ከተክለ ሃይማኖት ገዛን፣ አፈር አጥራችን አጠገብ ለመሠረት ከተቆፈረ ጉድጓድ ቀዳን፣ በረንዳው ላይ አቦካን። አባ እጅጌያቸውን ሰብስበው የምስማር ራስ የሚያካክሉ ጠጠሮች በጭቃ ይደረድራሉ፤ እኔ እቀበላለሁ። ከታች ያለችው ጎረቤታችን ከመስኮቷ አንገቷን አወጣች።

«ልብሴ ላይ ጭቃ እየዘነበ ነው። ምን እየሠራችሁ ነው?»

«ቤት» አለች እናቴ።

«በረንዳ ላይ? ተጨማሪ ቤት መሥራት ክልክል አይደል እንዴ?»

«የቄስ ነው።»

ጎረቤታችን ትንሽ አሰበች። «ይፍቱኝ አባ» ብላ ልብሷን ሰብስባ ገባች።

ቅዳሜ ልኮቹን እንደገና አሰፈርኩ። አባ ከጎኔ ተቀምጠው በሜትር መናገሬን አልወደዱትም። «ያ ቤት ሜትር አያውቅም» አሉ። «በክንድ ነው የተሠራ።» በራሳቸው ክንድ ሞከሩት፤ አልገጠመም፤ ክንዳቸው መቃ ነው። የእናቴንም ሞከርን፣ አልሆነም። እኔ ቁጥሮቹ ላይ አፈጠጥኩ። ሰማንያ አራት። መቶ ሃያ ስድስት። አምስት መቶ አራት። የመደቡ ሆድ ደግሞ አርባ ሁለት። ሁሉም ለአርባ ሁለት ያለ ትርፍ ይካፈላሉ። ውፍረቱ ሁለት፣ ከምሰሶ መደብ ሦስት፣ የቤቱ ስፋት ልክ አሥራ ሁለት።

«አርባ ሁለት ሳንቲ ሜትር የማን ክንድ ይሆናል?» አልኩ። «የልጅ ካልሆነ።»

እናቴ አየችኝ። «አያትሽ ስለ አባቱ የሚለውን ነግሬሽ አላውቅም? መጽሐፍ ለማንበብ ድንጋይ ላይ ይቆም ነበር። እጁም አጭር ስለነበረ ሲያጥን ጽናውን በሰንሰለቱ ጫፍ ነው የሚይዘው ይባል ነበር።»

እጅጌዬን ወደ ላይ ሰበሰብኩ። ክንዴን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ከክርኔ እስከ መሃል ጣቴ ጫፍ ለካሁ። ደግሜ ለካሁ፤ ጠንቃቃ ነኝ። አርባ ሁለት።

ልብስ ሰፊው በየዓመቱ የሚስቅበት እጅ፣ የዚያ ሁሉ ድንጋይ መለኪያ ነበር።

ያልገጠሙት ሁለት ልኮች ብቻ ናቸው፤ የበሩ ከፍታና ከውስጥ ወለል እስከ ግድግዳው አናት ያለው። በሩ አራት ክንድ ሊሞላ ሃያ ስምንት ሳንቲ ሜትር ይጎድለዋል። ግድግዳውም ስድስት ክንድ ሊሞላ ሃያ ስምንት ይጎድለዋል። ስህተቱ የእኔ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምደመድመው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሞዴሉን ይዘን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወዳለው አዳራሽ በታክሲ ተነሳን። ቤቱ የአባ ጉልበት ላይ ተቀመጠ። ልንወርድ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሲቀር አንድ መኪና ፊታችን ገባ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። የአባ ግንባር ወደፊት ሄዶ የሣሩ ጣሪያ ላይ አረፈ። ጣሪያው ገባ። አባ ቀና ሲሉ ግንባራቸው ላይ ጭድ ተለጥፏል።

«ትንሹም ይማታል» አሉ።

በዚህ መሃል መውረጃችን እየደረሰ ነበር። እናቴ ጭዱን እየለቀመች ናት። እኔ አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። አባ አይተውኝ ኖሮ፣ «ወራጅ አለ» ሲሉ በቅዳሴ ድምፃቸው አዜሙት። ታክሲው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሁለት ተሳፋሪዎች አማተቡ።

አዳራሹ ውስጥ ስልሳ ሰው ነበር። ቆጥሬዋለሁ፤ ስፈራ እቆጥራለሁ። ጣሪያ የሌለው ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፣ ሁሉም ከላይ ወደ ውስጡ አዩ። ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አደረጉ።

«አቤቱታ አቅራቢው ይቅደሙ።»

አባ ተነሱ። ቤቱን ሁለት ቀን በእጃቸው ሲያቦኩ የከረሙት ሰውዬ አይመስሉም። ጭሱን ተናገሩ፣ ግንባራቸውን አሳዩ። «በሩ እንኳን ቢሆን» አሉ፣ «ተንኮለኛ ነው። ሳንቃው ወለሉን እየፋቀ አልከፈት ይላል። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ከታች ቆርጬዋለሁ። ከእኔ በፊት የነበሩትም ቆርጠውታል።»

አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቆመ። ሃያ ስምንት እና ሃያ ስምንት።

«ልጅቷ መልስ አላት?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ተነሳሁ። ድምፄ ሲወጣ ከሌላ ክፍል የመጣ መሰለኝ።

«አባ፣ ወለሉ የሚለቀለቀው በየስንት ጊዜው ነው?»

«በእበት? በየበዓሉ ነዋ። ለሚካኤል፣ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ። ባለቤቴ ለወለል ወደር የላትም።»

«ከመለቅለቁ በፊት የድሮው ይነሳል?»

«ለምን ይነሳል? በላዩ ነው እንጂ።»

«ከእሷ በፊት የነበሩትም በላዩ ነው የለቀለቁት?»

«አዎ፣ በላዩ።»

«ቅድመ አያቴ ቤቱን ከሠራ ጀምሮ?»

መልሳቸውን አልጠበቅሁም። አሁን ማቆም አልቻልኩም፤ ሃያ ምናምን ዓመት የተጠራቀመ ንግግር ነበረኝ። በሩ አጥሮ እንዳልተሠራ፣ ወለሉ በየበዓሉ በስስ በስሱ ከፍ ብሎ ሃያ ስምንት ሳንቲ ሜትር እንደ ደረሰ፣ ሳንቃው የሚፋቀውም በሩም የሚያጥረው ግድግዳውም የሚጎድለው በዚያው አንድ ምክንያት እንደሆነ ተናገርኩ። ቤቱ አልጠበበም፤ እኛ ከፍ ብለንበት ነው አልኩ።

አባ ግንባራቸውን ዳሰሱ።

«እንግዲህ» አሉ በቀስታ፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ግንባሬን ስትመታኝ የኖረችው ባለቤቴ ናት ማለት ነው?»

ሳቁ ጋብ እስኪል ጋሽ ደምሴ ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ መቱ። «ሃያ ስምንት መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«የቤቱ ልክ ሁሉ ሙሉ ክንድ ነው። ከእነዚህ ሁለቱ በቀር።»

«በማን ክንድ?»

እዚህ ላይ ድምፄ ተመልሶ ወደነበረበት ክፍል ሄደ። «በእኔ» አልኩ። ከኋላ ያሉት አልሰሙም፤ የሰሙት ነገሯቸው፤ ሳቁ።

«ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ በአንቺ ክንድ ነው ቤት የሠራው?»

አባ ይትባረክ ተነስተው ወደ እኔ መጡ። ከነጠላቸው ጫፍ ረዘም ያለ ክር መዘዙ። «ክንድሽን አውጪ፣ ልጄ።»

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ስልሳ ሰው ፊት፣ አጭሩን እጄን ዘረጋሁ። አባ ክሩን ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ዘርግተው ቋጠሩት፤ እንዲህ አራት ጊዜ እየለኩ አራት ቋጠሮ አበጁ። ማንም አልሳቀም። ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ለጎረቤታቸው፣ «የቄስ ወልደ ጊዮርጊስ እጅ ነው፣ አይቼዋለሁ» ሲሉ ሰማሁ። ልጅ ሆነው ኖሮ በዚያ እጅ ነው የተባረኩት።

ጋሽ ደምሴ ውሳኔውን በቃል አሰሙ። ክሩ ከበሩ ጉበን ወደታች ይንጠልጠል፤ ወለሉ ይቆፈር። አራተኛው ቋጠሮ ያለቀበት ቦታ የጥንቱ የደፍ ድንጋይ ከተገኘ ቤቱ አይነካም። ካልተገኘ ይፈርሳል። «ክንዱም በማስረጃነት ተይዟል» አሉ፤ «ባለቤቲቱ ግን ይዛው መሄድ ትችላለች።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልክ በጮኸ ቁጥር አባ ናቸው ብዬ እሮጣለሁ። ድንጋዩ ባይገኝስ? አንድ ቤት፣ አንድ የመንገደኛ መኝታ፣ አንዲት ተኝተው የሚያዩባት መስኮት፣ ሁሉም በእኔ አጭር ክንድ ላይ ቆመዋል። ቢሮ ውስጥ አንድ ሽንት ቤት ያለ በር ነደፍኩ። አለቃዬ በቀይ እስክሪብቶ በር ሳለበት።

በአራተኛው ሳምንት አባ ደወሉ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

«ልጄ፣ ባለቤቴ አልቆፍርም አለች። የለፋሁበትን አላፈርስም ብላ። እኔው ቆፈርኩ።»

«እሺ አባ?»

«እበቱ እንደ መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል ነው። ስንዝር ከአራት ጣት ወረድኩ።»

«እሺ?»

«ቋጠሮው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። ከመሃል የተበላ ድንጋይ፣ በእግር ያለቀ። ያኔ የገቡበት ሁሉ ረግጠውታል። ቅድመ አያትሽም።»

እሳቸው ቀጠሉ። አሁንም ሲገቡ ጎንበስ ይላሉ፤ ትንሽ ስለሚነካቸው ትንሽ ደግሞ ስለለመዱት። የብሎኬት ቤቱን ነገር ትተው ለክዳኑ አዲስ ሣር ብቻ ጠይቀዋል። በክሩ ልክ ከወይራ ዘንግ ቆርጠው ከበሩ ጀርባ አቁመዋል፤ ባለቤታቸው ከመለቅለቋ በፊት በእሱ ትለካለች፣ አራት ካልሞላ የድሮው ይነሳል። የመጣ እንግዳ ሁሉ ዘንጉ ምንድን ነው ይላል፤ አባም ሞዴሉ ላይ ያቃናሁትን ሆድ ጭምር ይተርካሉ። መቼም ይህን ክፍል ቢተዉልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ሸሚዝ ይዤ ጌጃ ሰፈር ሄድኩ። በታክሲ ነው የሄድኩት፤ «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩ። ከኩራት ብዛት አንድ ፌርማታ ቀድሜ ነው ያልኩት፣ የቀረውን በእግሬ ጨረስኩ። ልብስ ሰፊው ከሩቅ አይቶኝ መቀሱን አነሳ። ወረፋ የያዙ አራት ሰዎች ነበሩ።

«እህቴ፣ እጅሽ ዘንድሮም አጭር ነው?»

እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሜትሩ ጎን አሳረፍኩ።

«አጭር አይደለም» አልኩት። «አንድ ክንድ ነው።»